የአጎቴ ደም በእኔ ስም

እስራኤል አገር፣ ክርያት ሐይም በሚገኘው የሰፈራችን ክሊኒክ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ በላይ፣ በመስታወት የተለበጠ ወረቀት ተሰቅሏል። የሕክምናው ጥራት ተመዝኖ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል፣ ሕሙማንም ረክተዋል ይላል። ከታች ወርቃማ ማኅተም አለው። ወረፋ ስጠብቅ ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። የረካውን ሕመምተኛ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ወረቀት መልስ እንዲሆን ነው። ደግሞም እንደ እኔ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቆም ወገን ካለ አንድ ነገር ይማርበት እንደሆነ ብዬ ነው።

አየልኝ እባላለሁ። የምግብ መጋዘን ውስጥ ማልጌዛ እነዳለሁ፤ በሁለት የብረት ጣቱ ከባድ ጭነት አንሥቶ እላይ የሚደረድር መኪና ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥሩ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው። ቦታውን ያገኘሁት መጋዘን ጠርጌ፣ ካርቶን ተሸክሜ፣ ፈተናውን ወድቄ፣ እንደገና ተፈትኜ ነው። ስለዚህ የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሲንሿሿ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ ታየች ሳልደርስ በቁልፉ ድምፅ ታውቀኛለች።

ሕመሙ የመጣው እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች የለገስነው ደም በሽታ አለበት ተብሎ ስለ ተጣለ ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ድረስ ወጥቶ በጮኸበት ክረምት ነው። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማሞቂያ ሲያቅፍ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ታየች ቤቱን ማቀዝቀዣ አደረግኸው ብላ ልጆቹን ይዛ ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረች። እበላለሁ፣ እንደገና እበላለሁ፣ ድስት አስነካለሁ፤ ሱሪዬ ግን ከወገቤ ይወርዳል። የምበላው የት እንደሚገባ እንጃ! ልቤ ተቀምጬም ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይመታል። ከሁሉ የባሰው እጄ ነው። ሻይ ስይዝ ብርጭቆው ከማንኪያው ጋር ይጫወታል። በትንሽ በትልቁ መቆጣትም አመጣሁ፤ ልጆቼ የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ጀመር። ያ ደግሞ ከሕመሙ በላይ ያመኝ ነበር።

ታየች ሐኪም ቤት ሂድ አለችኝ፤ ሄድኩ። የክሊኒኩ ሐኪም ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ ግን «ዶክተር ቤሰደር» እንለዋለን። ቤሰደር በዕብራይስጥ ደህና ነው፣ እሺ ነው እንደማለት ነው። ሳል ቢሆን ቤሰደር፣ ስብራት ቢሆን ቤሰደር። ያኔ ክሊኒኩ አዲስ ኮምፒውተር ገብቶለት ነበርና ሰውዬው ዓይኑን ከዚያ ላይ አይነቅልም። ኮምፒውተሩ አዲስ ሙሽራው ነው ቢባል አምናለሁ።

ለነገሩ መጀመሪያ ጥፋቱ የባህላችን ነው። እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። የኛ ሰው እግሩ ቢቆረጥም መጀመሪያ ደህና ነው የሚለው። እሱ ቤሰደር ብሎ ጽፎ ጨረሰ። ቀጥዬ ልቤን፣ እጄን፣ ላቡን ስነግረው የራስ ምታት ክኒን አዘዘልኝ። ራሴን አመመኝ አላልኩትም። ክኒኑን ወሰድኩ፤ ራሴም እንደ ድሮው አላመመኝም።

ሁለተኛ ስሄድ ትል ነው አለ። እንዴት አወቅህ ስለው ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው የተለመደ ነው አለኝ። አማቴም ቤት ሆነው የበላው ካልታየበት ትል ነው፣ ኮሶ ይጠጣ እያሉ ነበር። ዶክተሩና አማቴ ሳይተዋወቁ አንድ ፍርድ ላይ ደረሱ። አማቴ ግን ቢያንስ ፊቴን አይተው ነው የፈረዱት። የዶክተሩንም ክኒን፣ የአማቴንም ኮሶ ወሰድኩ። መጸዳጃ ቤቱን ሁለት ቀን ለብቻዬ ተከራየሁት ማለት ይቻላል። ትል የሚባል አልወጣም፤ የቀረችኝ ትንሽ አቅም ግን ወጣች።

በዚህ መሐል መጋዘን ውስጥ የደረሰው ደረሰ። የቲማቲም ቆርቆሮ የተጫነ ጣውላ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያነሣሁ ሳለ እጄ ዘለለ። ጭነቱ አጋደለና ከታች ይቆጥር ከነበረው ባልደረባዬ አንድ እርምጃ ፈንጠር ብሎ ወደቀ። ሰውየው አልተነካም። አለቃው መጥቶ ምንም ሳይቆጣ መዳፉን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ሐኪምህ ጤነኛ ነህ ብሎ ይጻፍና ተመለስ፤ አለዚያ ወደ መጥረጊያው ትሄዳለህ አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ያን ዕለት ያለ ቁልፉ ድምፅ ስገባ ታየች ማን ነው አለች።

ያኔ ነው ታየች ነገሩን እንደ አገራችን ደንብ ለማድረግ የወሰነችው። አንድ ሰው ለብቻው ተናግሮ ካልተሰማ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። አጎቴን አባ ፈረደን ለመነቻቸው። አባ ፈረደ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ጢማቸው ጥጥ ነው። ወገራ ሳሉ ደም የተቃባ ሁለት ወገን ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ስንቱን ደም አድርቀዋል፣ ስንቱን ጠበኛ አስተቃቅፈዋል። አንድን ሐኪም ማናገር ለእሳቸው ምን አላት! ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ።

ክሊኒኩ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ተራህ ደርሷል የሚል የለም፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ይነሣል፣ ክንደ ብርቱ ይገባል። በሽተኛ ሳይሆን ጎል ጠባቂ መሆን ያስፈልጋል። አባ ፈረደ ሽኩቻውን አይተው እነዚህ ሰዎች ምን ተካፍለው ነው የተጣሉት ብለው ጠየቁኝ። አንዲት ሩሲያዊት ሴትዮ አሳዝነዋት ከፊቷ አሳለፈቻቸው፤ እግዜር ይስጣትና በዚያ ቤት ያየኋት አንድ ቸር እሷ ናት።

ገባን። እንግዲህ ልብ በሉ። ከዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። አጎቴ ባሉበት እኔ እቀመጣለሁ? አይታሰብም። አባ ፈረደ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ዶክተሩ ካርዴን ከእጄ ተቀብሎ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና ዓይኑን እዚያው ተከለ። አባ ፈረደ ጉሮሯቸውን ጠርገው በደንቡ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሐኪሙን መረቁ፣ ቤቱን መረቁ፣ ልጆቹን መረቁ። ሦስተኛው ምርቃት ላይ ዶክተሩ እጁን ሰድዶ የእሳቸውን አንጓ ያዘ።

ዶክተር፣ ታማሚው እኔ ነኝ አልኩ። ዘወር ሳይል መዳፉን አነሣብኝ፤ አንድ በአንድ፣ አንተ ተርጉም ብቻ፣ የአንተ ተራ ይደርሳል አለኝ። ጎንበስ ብዬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ዝም በል ልጄ፣ ዘሩን እያየ ነው አሉኝ። በእኛ አገር አዋቂ በሽተኛ ሲመጣለት አባቱ በምን ሞተ፣ አያቱ ምን ነበረበት ብሎ ከዘር ይጀምራል። አባ ፈረደ ዶክተሩን እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው አደረጉት። እኔም ታላቄ ዝም በል ካሉኝ በኋላ በነጭ ፊት ከእሳቸው ጋር ልከራከር?

ከዚያ ዶክተሩ ይተኛል ወይ ይላል፤ አይተኛም እላለሁ፣ የራሴን። ከስቷል ወይ ይላል፤ ከስቷል እላለሁ። እጁ በአጎቴ ላይ፣ ጆሮው በእኔ ላይ፣ ዓይኑ በኮምፒውተሩ ላይ። ሰውን እንዲህ ሦስት ቦታ ከፍሎ የሚያክም በሕይወቴ ሌላ አላየሁም። የደም ግፊታቸውን ለካ፤ ቤሰደር። ልባቸውን አዳመጠ፤ ቤሰደር። እንዴት ቤሰደር አይሆን፣ እሳቸው ያኔ አራት ፎቅ በእግራቸው የሚወጡ ሰው ነበሩ! ወረቀት ጽፎ ደም ይሰጥ አለ። እኔ ወረቀቱ ላይ ከጸሐፊዋ ማኅተም ላስመታ ተሰልፌ ስመለስ አባ ፈረደ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ከነርሷ ክፍል ይወጣሉ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው ደም የሰጡት?»

«የቤታችንን ስም ጠራች፤ ገባሁ። እጅጌዬን ሰበሰበችው። ደም ሲጠይቁኝ ልከለክል? ያንተ ደም ከእኔ የተለየ ነው እንዴ፣ የወንድሜ ልጅ አይደለህም?»

ለጸሐፊዋ ሄጄ ነገርኳት። ውጤቱ ሲመጣ ለዶክተሩ ንገር አለችኝና ስልክ አነሣች። ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ጤነኛ ነበር መሰለኝ፤ ብዙ ሳቁ።

ውጤቱ መጣ። ብቻዬን ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ስክሪኑን እያየ ምሥራች ነገረኝ። ደምህ የወጣት ደም ነው፣ ምንም የለብህም አለኝ። ይህ ደም የእኔ አይደለም አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ፊቴን ያየው። ድምፁም ለሰለሰ።

«ይገባኛል» አለ። «በዚህ ዓመት በደም ነገር ማኅበረሰባችሁ በጣም ተጎድቷል።»

አይ ዶክተር፣ እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ የአጎቴ ደም ነው አልኩት። በሰውነትህ ውስጥ ያለው የአጎትህ ደም እንደሆነ ይሰማሃል ወይ አለኝ። አይሰማኝም፣ ነው እንጂ አልኩ። ላቤ በግንባሬ ይወርዳል፣ እጄ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። እሱ በርኅራኄ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ያጻጻፉ ፍጥነት! ለትኩሳትና ለሳል አንድ መስመር የሚሰስት ሰው ለእብደቴ አንድ ገጽ ሞላ። የአእምሮ ጤና ጣቢያ ሂድ ብሎ ሰጠኝና ቤሰደር አለ።

የአእምሮው ቀጠሮ፣ እነሱ ቶር የሚሉት፣ ሩቅ ነበር። እስኪደርስ ያሳለፍኩትን ለጠላቴም አልመኝ። ቤት ውስጥ ጤነኛ የሚል ወረቀት ያለው በሽተኛ ሆንኩ። አለቃዬ ጤነኛ ከሆንህ እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል ይላል፤ ታየች ደግሞ አቅሟ አልቆ የሐሳብ ይሆናል ማለት ጀመረች። እንደዚያ ስትለኝ ምግቤን ትቼ ወጣሁ። ስተኛ ልቤ ትራሱ ውስጥ ገብቶ ይመታል፤ ካሁን አሁን ቆመ እያልኩ እቆጥረዋለሁ። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል እል ነበር። ሞት ራሱን ፈርቼ ነበር፤ ግን የበለጠ የፈራሁት ስሞትም ፋይሌ ላይ ቤሰደር ተብሎ መቅረቱን ነው።

ቀጠሮው ደረሰና ሄድኩ። የአእምሮ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ኮምፒውተር የለም። ተቀመጥ አለችኝ፤ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ውሃው ከብርጭቆው እየዘለለ ሱሪዬን አራሰው። እሷ ከዶክተሩ ወረቀት ዓይኗን አንሥታ ብርጭቆውን አየች። ስለ ደሙ ንገረኝ አለች። ከወንበሩ ጀምሬ ነገርኳት፤ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተወጋ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ያንተን ደም ማን ወሰደ?»

«ማንም።»

ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች። አንተ የእኔ በሽተኛ አይደለህም አለችኝ። አሁኑኑ ሆስፒታል፣ የድንገተኛ ክፍል ትሄዳለህ ብላ በእጇ ደብዳቤ ጻፈች፤ ታክሲ እስክሳፈርም አብራኝ ቆመች። አየህ ወዳጄ፣ በዚያ ሁሉ ጉድ መሐል ጤነኛ አእምሮ እንዳለኝ ያወቀችው እብድ እንድትመረምር የተቀጠረችው ናት። ታክሲው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜው ገፋ ያለ ሐኪም መጣ። ከኋላዬ ቆሞ ጣቶቹን አንገቴ ላይ አሳረፈና ውሃ ዋጥ አለኝ፤ ዋጥኩ። ድጋሚ ዋጥ አለኝ። ከዚያ ዓይኔን አየ፣ እጄን አስዘረጋኝ። ይኸው ነው። ስንት ወር የተንከራተትኩበት ነገር አንድ ጉንጭ ውሃ በምትወርድበት ጊዜ ተገኘ። አንገት ውስጥ አንዲት ዕጢ አለች፤ ስታብጥ እንቅርት የምንላት ናት። የሰውነትን እሳት የምትቆጣጠር እሷ ናት አለኝ። ያንተዋ ልጓሟን በጥሳ ትጋልባለች፤ ሙቀቱም፣ ክሳቱም፣ መንቀጥቀጡም፣ ቁጣውም ከእሷ ነው። ትንሽ ብትቆይ ልብህን ታቆመው ነበር አለኝ። ደም ወሰዱ፤ በዚህ ጊዜ ከእኔ ክንድ። መርፌው ሲገባ እያየሁ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተወጋሁበት ቀን የለም።

ሐኪሙ ከክሊኒኩ የመጣውን ወረቀት ሲያነብ ቆመ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ነጭ ጢም ያለው፤ ከተመዘገበው ዕድሜ እጅግ የሸመገለ የሚመስል፤ ምናልባት ወደ እስራኤል ከመጣበት ጉዞ መከራ የተነሣ» ይላል። አርባም አልሞላኝ፤ ጢሜን ደግሞ በየጠዋቱ እላጫለሁ። ዶክተር ቤሰደር አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶ ነበር ማለት ነው። አይቶም ሽማግሌ ሰው መሆኑን አውቋል፤ ግን እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን አያውቁም ብሎ አለፈው። ሁለት ጥቁር ሰዎች ገቡ፤ ለእሱ አንድ ነን። ከዚህ በኋላ ስለዚያ ቤት ጥራት የሚያከራክረኝ ካለ ይምጣ።

መዳኑ ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ልብ የሚያረጋጋ ክኒንና ዕጢዋን የሚገታ ክኒን ዋጥኩ። ቀጥሎ ጨረር ያለበት አዮዲን የሚባል፣ ውሃ የመሰለ ነገር ጠጣሁ፤ ዕጢዋ ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥላት እሱ ነው። ከጠጣሁ በኋላ ለጥቂት ቀን ልጆች እንዳይቀርቡኝ ታዘዘ። እኔ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቼ ከበሩ ወዲያ ወለል ላይ ተቀምጠው የትምህርት ቤት ወሬ ያወሩልኝ ነበር። በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ አልተቆጣሁም። ታናሿ ለእናቷ አባቴ ተመለሰ አለቻት። ታየች የሐሳብ ነው ባለችው አፍራ ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቀችኝ እሷም አታውቅም። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ቆመ፤ መስኮቱም ተዘጋ። አሁን በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ክኒን እውጣለሁ፤ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ነው ተብያለሁ፤ ይሁን። አለቃዬ ቁልፉን ሲመልስልኝ መጀመሪያ እጄን ዘርጋ አለኝ። ዘረጋሁ። አልተንቀጠቀጠም።

አባ ፈረደ ግን ታመሙ ማለት ይቻላል። ነገሩን ከሆስፒታል ስነግራቸው «ስንቱን ደም ሳደርቅ ኖሬ፣ በገዛ ደሜ የወንድሜን ልጅ ልቀብር» አሉ። እርስዎ ምን አጠፉ፣ ማየት የተማረው እሱ ነው አልኳቸው። አልተጽናኑም። ምግብ እየቀረበላቸው ይገፉት ጀመር።

ወደ ዶክተሩም ሄጄ ነበር፤ ፋይሌ ይታረም ብዬ። የሆስፒታሉን ወረቀት ተቀበለኝ፤ ዋናው ነገር መዳንህ ነው፣ ቤሰደር አለኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የሰውየው ዕፍረት ማጣት! በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከበደለው ደጅ ይቆማል። ይሄ ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ ቀጣዩን አስገቡ አለ።

በሚቀጥለው መከር አባ ፈረደን ለጉልበታቸው ወደዚያው ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሌላ ክሊኒክ አውቶቡስ ይጠይቃል፣ እሳቸው ደግሞ ቅርቡ እያለ ምን አደከመኝ ብለው አይሄዱም። መተላለፊያው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከች፣ እዚሁ ያደገች የእኛው ልጅ ተቀምጣለች። ለተሰቀለው ወረቀት ማደሻ የሕክምናውን ጥራት ትጠይቃለች፤ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። በተለይ የኢትዮጵያ ሽማግሌዎችን እንድትጠይቅ ታዝዛለች።

ከእኛ ፊት የነበሩት ሁሉ አምስት፣ አምስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያሉ አለፉ። ሳል ጨርሷቸው ቃሉን እንኳ አሟልተው መናገር ያቃታቸው ሰውዬ ሳይቀሩ አምስት ሰጡ። ሰው በቤቱ ተቀምጦ እንዴት ነኝ ቢልህ መጥፎ ነህ አይባልማ! በዚያ ላይ የዶክተሩ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። በዚህ ጨዋነታችን ነው ያ ወርቃማ ማኅተም የተሠራው። ተናደድኩ፤ በክሊኒኩም በራሳችንም።

ተራችን ደረሰ። ከጠረጴዛው ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። አባ ፈረደ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ግን የዚህ አገር ነው።

«አባባ፣ እዚህ ሕክምናው እንዴት ነው? ስንት ትሰጣለህ?»

አምስት ይላሉ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አባ ፈረደ ግን ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ድሮው የሽምግልና ቀን፣ ቆይተው ተናገሩ።

«ልጄ፣ የምትጠይቂው የታመመውን ነው ወይስ የተቀመጠውን?»

ልጅቷ ግራ ገባት። የታመመውን ነው አለች።

«እንግዲያውስ እኔ አልታመምኩም» አሉ። «የታመመው እሱ ነው።»

ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ወንበሩን በእጃቸው ወደ እኔ መለሱትና ተቀመጥ አሉኝ። አባባ፣ ይተዉ፣ ነውር ነው አልኳቸው። ተቀመጥ አሉኝ ደግመው፤ በዚያ ድምፃቸው ስንት ሽፍታ ጠመንጃውን አውርዷል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ቆመው እኔ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከኋላዬ ሆነው እጃቸውን አጣመሩ፤ ልክ እኔ ያን ቀን እንደቆምኩት።

ከበሩ ስንጥቅ ዶክተሩ ቀና ሲል አየሁት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ከየት እንጀምር አለችኝ።

«ከወንበሩ» አልኳት። «ጻፊ።»